ቡርቦን ውስኪና አረቄ፦ የጥሩ መጠጥ ምስጢር በኬሚስትሪ ዓይን

ቃሊቲ የሚለው ስም ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ማረሚያ ቤቱ ነው። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኘው አቃቂ ቃሊቲ የታወቀ የፋብሪካ አካባቢም ነው። ከሰበታና ከመካኒሳ ቅርንጫፎቹ ጋር በአቃቂም ሲሠራ የኖረው ብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ፣ ከስኳር ፋብሪካዎች በሚመጣ ሞላሰስ ላይ ተመሥርቶ ጂን፣ ኡዞና ሌሎችንም መጠጦች ለገበያ ሲያቀርብ ቆይቷል። ከፋብሪካው አጥር ውጭ ደግሞ በየመንደሩ የቤት ውስጥ አረቄ በመለኪያ ይሸጣል።

ወደ አንዱ አረቄ ቤት ጎራ ያለ ሰው የሚቀርብለት መጠጥ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነው። በዚያው ከተማ ወደ አንድ ትልቅ ሆቴል ገብቶ ቡርቦን የተባለውን የአሜሪካ ውስኪ ያዘዘ ሰው ግን የሚቀርብለት መጠጥ የማር ቀለም ያለው፣ ሲሸተት ቫኒላን፣ የተቃጠለ ስኳርንና የጥድ ቤት እንጨትን የሚያስታውስ ነው። ሁለቱም የእህል ውጤቶች ናቸው። ሁለቱም በእርሾ ተብላልተው በእሳት የነጠሩ ናቸው። የዋጋቸው ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው።

ለመሆኑ ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ጥሩውን መጠጥ ከመጥፎው የሚለየውስ ስሙ ነው፣ ዋጋው ነው ወይስ በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር? ጥያቄው ለጠጪዎች ብቻ የሚተው አይደለም። መልሱን ባለማወቃቸው ምክንያት የዓይናቸውን ብርሃን፣ አልፎም ሕይወታቸውን ያጡ ሰዎች በብዙ አገሮች አሉና። በዚህ ጽሑፍ አረቄንና ቡርቦንን ጎን ለጎን አስቀምጠን ከእህሉ እስከ መለኪያው ያለውን ጉዞ እንከተላለን።

ከእህል ወደ አልኮል

እንደሚታወቀው እርሾ ስኳርን እንጂ ስታርችን መመገብ አይችልም። ስታርች እጅግ ብዙ የግሉኮስ ሞለኪውሎች እንደ መቁጠሪያ ተያይዘው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ስለሆነም ከእህል አልኮል ለማግኘት በመጀመሪያ ሰንሰለቱን የሚበጣጥስ ነገር ያስፈልጋል። ይህንን ሥራ የሚሠራው ብቅል ነው። ገብስ ወይም ስንዴ በውኃ ርሶ፣ በቅጠል ተሸፍኖ ሲበቅል ለታዳጊው ቡቃያ ምግብ ለማዘጋጀት አሚሌዝ የተባሉትን ኢንዛይሞች ያመነጫል። እናቶቻችን ብቅሉ ልክ ሲደርስ በፀሐይ የሚያደርቁት፣ ኢንዛይሞቹ ሳይጠፉ ቡቃያው ምግቡን እንዳይጨርስ ነው። ኢንዛይም የሚለው ቃል ሳይታወቅ ሥራው ለብዙ ዘመናት በትክክል ሲሠራ ኖሯል።

የአረቄ ጥንስስ የሚጀመረው ከተፈጨ ጌሾና ብቅል ነው። ጥቂት ቀናት ከቆየ በኋላ ከዳጉሳ፣ ከማሽላ፣ ከበቆሎ ወይም ከስንዴ ዱቄት የተጋገረ ቂጣ ተቆራርሶ ይጨመርበትና ድፍድፍ ይሆናል። ቂጣው በእሳት መብሰሉ የስታርቹን ቅንጣቶች ስለሚያላላቸው ኢንዛይሞቹ በቀላሉ ይደርሱባቸዋል። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ቡርቦን ከሚሠራበት እህል ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ መሆን አለበት። ቀሪው አብዛኛውን ጊዜ አጃን የሚመስለው ራይ ወይም ስንዴ፣ እንዲሁም የገብስ ብቅል ነው። እዚያም በቆሎው አስቀድሞ ይቀቀላል፤ ብቅሉ የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። የተጋገረው ቂጣና የተቀቀለው በቆሎ ለአንድ ዓላማ የዋሉ ሁለት ዘዴዎች ናቸው።

ሌላም ተመሳሳይነት አለ። የእንጀራ ሊጥ የምታቦካ ሴት ካለፈው ሊጥ እርሾ ታስቀራለች። የቡርቦን ጠማቂዎችም ካለፈው ጥንስስ የተረፈውን አተላ በከፊል በአዲሱ ላይ ይጨምራሉ። የአተላው ተግባር ግን ከእርሾ ይለያል። አተላው በማንጠሪያው ውስጥ ስለፈላ ሕያው እርሾ የለበትም፤ አሲድነቱ ግን አዲሱን ድፍድፍ ለተፈላጊው እርሾ የተመቸ፣ ለአበላሺ ባክቴሪያዎች ደግሞ የማይመች ያደርገዋል።

በመጨረሻም እርሾው እያንዳንዱን የግሉኮስ ሞለኪውል ወደ ሁለት የኤታኖልና ሁለት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውሎች ይለውጠዋል። ይሁን እንጂ የአልኮሉ መጠን ሲጨምር እርሾው ራሱ በሠራው አልኮል ይዳከማል። ከዚህ በላይ ጠንካራ መጠጥ ለማግኘት የእሳት እርዳታ ያስፈልጋል።

ከእሳቱ በላይ

አረቄ የሚለው ቃል የመጣው ላብ የሚል ትርጉም ካለው የዓረብኛ ቃል ነው። በቀዝቃዛው ማሰሮ ውስጥ ጠብ ጠብ የሚለውን ፈሳሽ ያየ ሰው ስያሜው ተገቢ መሆኑን ይረዳል። አልኮል የሚለውም ቃል ቢሆን ዓይናችንን ከምንኳልበት ኩል ጋር አንድ ምንጭ አለው።

በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ውኃ በ100፣ ኤታኖል ደግሞ በ78.4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ በመሆኗ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው። በመሆኑም በአቃቂ አካባቢ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ፣ ንጹሕ ኤታኖል ደግሞ በ72 ዲግሪ ገደማ ነው። ድፍድፉ በሸክላ ዕቃ ተጥዶ ሲሞቅ የሚወጣው እንፋሎት ከድፍድፉ ይልቅ በአልኮል የበለጸገ ነው። ይህ እንፋሎት በቀርከሃ ወይም በመቃ ቱቦ አልፎ በውኃ በሚቀዘቅዘው ዕቃ ውስጥ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። በአገራችን በተደረጉ ጥናቶች መሠረት አንድ ጊዜ የወጣው ተራ አረቄ 34 በመቶ ገደማ፣ ለሁለተኛ ጊዜ የወጣው ዳግም አረቄ ደግሞ 46 በመቶ ገደማ አልኮል ይይዛል።

በፋብሪካ ያለው ረጅም የማንጠሪያ ዓምድ ይህንኑ ሥራ በአንድ ጉዞ ደጋግሞ ስለሚሠራ እስከ 96 በመቶ የሚደርስ አልኮል ያስገኛል። እንዲህ ያለው አልኮል ከምን እንደተሠራ በጣዕም መለየት አይቻልም። ጂን ለሚሠራ ፋብሪካ ይህ መልካም ነው፤ ጣዕሙን የሚያገኘው በኋላ ከሚጨመሩት ቅመሞች ነውና። የቡርቦን ሕግ ግን መጠጡ ሲነጥር ከ80 በመቶ አልኮል በላይ እንዳይሄድ ይከለክላል። የዚህ ምክንያት ከእህሉና ከእርሾው የመጡት መዓዛ ሰጪ ውህዶች ሙሉ በሙሉ ታጥበው እንዳይጠፉ ነው። ከዚህ የምንረዳው ንጽሕናና ጥራት ሁልጊዜ አንድ አለመሆናቸውን ነው።

ጥሩ አንጣሪ የሚታወቀው የሚወርደውን ፈሳሽ በሦስት ከፍሎ በማየቱ ነው። መጀመሪያ የሚወርደው አሴታልዴሃይድና ኤቲል አሴቴት የሚበዙበት፣ አፍንጫን የሚወጋ ነው። መካከለኛው ተፈላጊው ክፍል ነው። መጨረሻ ላይ የሚመጣው ደግሞ ከባድ አልኮሎች የበዙበት፣ የረጠበ ቆዳ የሚመስል ሽታ ያለው ነው። የትኛውን ለይቶ ማስቀረት፣ የትኛውን መልሶ ማንጠር እንደሚገባ መወሰን በብዙ ልምድ የሚገኝ ዕውቀት ነው።

ዓይን የማያየው አደጋ

የቤት አረቄ ጥንካሬ በአንዳንድ ቦታ የሚፈተነው ጥቂት አፍስሶ ክብሪት በመጫር ነው። በሰማያዊ ነበልባል ከነደደ "እውነተኛ" ይባላል። ፈተናው የአልኮሉን ብዛት በመጠኑ ሊጠቁም ይችላል፤ ስለ ደኅንነቱ ግን ምንም አይናገርም። ምክንያቱም መርዛማው ሜታኖልም እንደ ኤታኖል በደማቅ ብርሃን ውስጥ በማይታይ ቀጭን ነበልባል ይነዳል። በሽታና በጣዕምም ቢሆን ሁለቱን መለየት ያዳግታል።

ሜታኖል በሰውነታችን ውስጥ መጀመሪያ ወደ ፎርማልዴሃይድ፣ ቀጥሎም ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለወጣል። ይህ አሲድ የዓይንን ነርቭ ያጠቃል። ከ10 ሚሊ ሊትር የማይበልጥ ንጹሕ ሜታኖል የዓይን ብርሃን ሊያሳጣ እንደሚችል የሕክምና መጻሕፍት ይገልጻሉ። ምልክቶቹ ብዙውን ጊዜ ወዲያው አይታዩም፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሊዘገዩ ይችላሉ። ከጠጣ በኋላ በማግስቱ ጉም ውስጥ እንደገባ ዓይኑ የሚፈዝበት፣ የሚያስመልሰውና ትንፋሹ የሚፈጥን ሰው ስካሩ እስኪለቀው ሊጠበቅ አይገባም። በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ከደረሰ ሕክምና አለው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። ብዙዎች ሜታኖል በ64.7 ዲግሪ ስለሚፈላ መጀመሪያ የሚወርደውን በመድፋት ብቻ ከአደጋው መዳን የሚቻል ይመስላቸዋል። ነገር ግን ሜታኖል ከውኃና ከኤታኖል ጋር ተቀላቅሎ ሲገኝ በአንድ ጊዜ ተለይቶ አይወጣም፤ በንጥረቱ ሂደት ሁሉ ጥቂት በጥቂት ይወርዳል። መልካሙ ዜና ሜታኖል በዋናነት የሚመነጨው በፍራፍሬ ውስጥ ከሚበዛው ፔክቲን በመሆኑ ከእህል የሚሠራ መጠጥ በተፈጥሮው የሚይዘው መጠን አነስተኛ መሆኑ ነው። በዓለም ላይ ብዙ ሰው የጨረሱት አደጋዎች በአብዛኛው የደረሱት ለኢንዱስትሪ የተዘጋጀ ሜታኖል በመጠጥ ላይ ተቀላቅሎ በመሸጡ ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ማን ሠራው፣ በማን እጅስ አለፈ የሚለው ነው።

ሳይነጥር የሚጠጣውም ቢሆን የራሱ አደጋ አለው። ወደ ማረሚያ ቤት አልኮል ማስገባት የተከለከለ ነው። በአሜሪካ ማረሚያ ቤቶች አንዳንድ እስረኞች ይህንኑ ክልከላ ለመሸሽ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ በድብቅ መጠጥ ይጠነስሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በዩታ ግዛት 8 እስረኞች፣ በ2016 ደግሞ በሚሲሲፒ በሚገኝ የፌዴራል ማረሚያ ቤት 31 እስረኞች በዚህ መጠጥ ሳቢያ ቦቱሊዝም በተባለው ከባድ መመረዝ ተይዘዋል። በዩታ ምክንያት የሆነው የተጨመረው ድንች ነበር። ከአፈር ጋር የመጣው የባክቴሪያ ዘር አየር በሌለበትና ሙቀት ባለበት ከረጢት ውስጥ ነቅቶ፣ ጡንቻን የሚያሽመደምድ መርዝ አምርቷል። መጠጥ መጥመቅ ማለት ሕያዋን ነገሮችን መምራት ማለት ነው፤ መሪ በሌለበት ደግሞ የሚበቅለው ያልተጠራው እንግዳ ነው።

በርሜሉ የሚጨምረው

አሁን ወደ ቀለሙ እንመለስ። ቡርቦን ከማንጠሪያው ሲወጣ እንደ አረቄ የጠራ ነው። ቀለሙንና የመዓዛውን ትልቁን ክፍል የሚሰጠው በርሜሉ ነው። ሕጉ እንደሚያዝዘው በርሜሉ ከኦክ እንጨት የተሠራ፣ አዲስና ውስጡ በእሳት የተለበለበ መሆን አለበት። መጠጡ ወደ በርሜሉ ሲገባ የአልኮሉ መጠን ከ62.5 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ከውኃ በቀር ቀለምም ሆነ ማጣፈጫ አይጨመርበትም።

እንጨት በዋናነት ከሴሉሎስ፣ ከሄሚሴሉሎስና ከሊግኒን የተሠራ ነው። እሳቱ ሄሚሴሉሎስን ሲሰብረው ስኳሮች ይፈጠሩና ይጠብሳቸዋል፤ የተቃጠለው ስኳር ጣዕምና ቀለም ከዚህ ይመጣል። ሊግኒን ሲሰበር ቫኒሊንን ይሰጣል፤ ይህም የቫኒላ ሽታ ዋና ሞለኪውል ነው። ኦክ በተፈጥሮው የያዛቸው ላክቶኖች ኮኮናትን የሚመስል መዓዛ፣ ታኒኖቹ ደግሞ እንደ ወፍራም ሻይ አፍን የሚይዝ ጣዕም ይጨምራሉ። ከስሉ እንደ ማጣሪያ ሆኖ የማይፈለጉትን የሰልፈር ውህዶች ይቀንሳል። በጋ ሲመጣ መጠጡ በሙቀት ሰፍቶ ወደ እንጨቱ ይገባል፤ በክረምት ተመልሶ ይወጣል። የኬንታኪ ግዛት የሙቀት መለዋወጥ ለዚህ መግባትና መውጣት እጅግ አመቺ ነው።

ይህ ኬሚስትሪ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ጠላ የሚጠምቁ ሴቶች ጋኑን በወይራ እንጨት ያጥናሉ። የወተት ዕቃም በብዙ የአገራችን ክፍሎች ይታጠናል። የወይራው ሊግኒን በእሳት ሲሰበር ጓያኮልና መሰሎቹን ውህዶች ያወጣል፤ እነዚህም ለመጠጡ የጢስ መዓዛ ሲሰጡ የጀርሞችንም ቁጥር ይቀንሳሉ። የኬንታኪው በርሜል ሠሪና የሸዋዋ ጠላ ጠማቂ የሚጠቀሙበት መርሕ አንድ ነው። ልዩነታቸው አንዱ መጠጡን ከተለበለበው እንጨት ጋር ለዓመታት ማቆየቱ ነው።

መቆየት ግን ዋጋ ያስከፍላል። በየዓመቱ ከበርሜሉ ጥቂት መጠጥ በትነት ይጠፋል፤ አንጣሪዎች ይህንን "የመላእክት ድርሻ" ይሉታል። በዓመት 4 በመቶ ይጠፋል ብለን ብናሰላ 200 ሊትር የያዘ በርሜል ከ23 ዓመት በኋላ የሚቀርለት 78 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ተማሪዎች ይህንን ቁጥር በራሳቸው ማረጋገጥ ይችላሉ፤ ስሌቱ የባንክ ወለድ ስሌት ተገልብጦ ነው።

ጥሩውን እንዴት መለየት ይቻላል?

ቀለም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ነጋዴዎች ርካሽ አልኮልን በትምባሆና በመሰል ነገሮች አቅልመው ያረጀ ውስኪ ነው ብለው ይሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 የወጣው "ቦትልድ ኢን ቦንድ" የተባለው ሕግ ይህንን ለመከላከል የተደነገገ ነው። ይህ ጽሑፍ ያለበት ጠርሙስ በአንድ አንጣሪ፣ በአንድ ወቅት የተሠራ፣ ቢያንስ 4 ዓመት በመንግሥት ቁጥጥር ሥር የቆየና 50 በመቶ አልኮል ያለው መሆን አለበት። "ስትሬት" የሚለው ቃል ደግሞ ቢያንስ 2 ዓመት በበርሜል መቆየቱን ያመለክታል። ስለሆነም ጥሩ ቡርቦን ፈላጊ በመጀመሪያ የሚያነበው በጠርሙሱ ላይ ያሉትን እነዚህን ደረቅ ቃላት ነው።

ዋጋም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ፓፒ ቫን ዊንክል የተባለው ቡርቦን በጥቂቱ ስለሚመረት ፈላጊው እጅግ ብዙ ነው፤ የ23 ዓመቱ ጠርሙስ በሺህ በሚቆጠር ዶላር ሲሸጥ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2013 ከኬንታኪው ቡፋሎ ትሬስ ማንጠሪያ ከ200 በላይ የዚህ መጠጥ ጠርሙሶች መሰረቃቸው ተሰምቶ ጉዳዩ እስከ እስር ቅጣት ደርሷል። ሆኖም ብርቅ መሆን የኬሚስትሪ ባሕርይ አይደለም። በአዲስ የተለበለበ በርሜል ውስጥ ከልክ በላይ የቆየ መጠጥ ታኒን በዝቶበት ሊመር ይችላል።

ቀማሾች ከምላሳቸው ይልቅ የሚተማመኑት በአፍንጫቸው ነው። ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠባብ የሆነ ብርጭቆ የሚመርጡትም የሚተንኑት ውህዶች ከአፉ በታች እንዲከማቹ ነው፤ የጠጃችን ብርሌ ቅርጽም ይህንኑ ያደርጋል። ጥቂት ውኃ ጠብ ማድረግም የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለት የስዊድን ተመራማሪዎች በኮምፒዩተር ስሌት እንዳሳዩት፣ የአልኮሉ መጠን ሲቀንስ ቀደም ብለን የጠቀስነው ጓያኮል ከመካከል ወደ ፈሳሹ ገጽ ይወጣል። ለአፍንጫ የሚቀርበውም በዚያን ጊዜ ነው።

ማጠቃለያ

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ጥሩ መጠጥ የሚባለው ሦስት ነገሮች የተሟሉለት መሆኑን ነው። እነርሱም በጥንቃቄ የተመራ ማብላላት፣ በዕውቀት የተለየ ንጥረትና በትዕግሥት የተጠበቀ ጊዜ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የአገራችን አረቄ አውጪ ሴቶች ያለ ቴርሞሜትርና ያለ ላቦራቶሪ ሲሠሩባቸው ኖረዋል። የጎደላቸው መለኪያ መሣሪያ፣ ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃና ሜታኖልን የሚመረምርላቸው አካል ነው። በአርሲ ነገሌና በሌሎችም ብዙ አረቄ በሚወጣባቸው አካባቢዎች የደን ጉዳይ ከዚህ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑ ጉዳዩን ይበልጥ አንገብጋቢ ያደርገዋል።

ሦስተኛው፣ ማለትም በርሜሉ፣ ገና ያልተመለሰ ጥያቄ ነው። ነጩ ኦክ ለበርሜል የተመረጠው ቀዳዳዎቹ በተፈጥሮ የተደፈኑና ፈሳሽ የማያሳልፉ በመሆናቸው ነው። ከአገራችን ዛፎች መካከል ለዚህ የሚበቃ ይኖር ይሆን? የሚያወጣቸው ውህዶችስ ለጤና የማይጎዱ ናቸው? ለኬሚስትሪና ለሥነ ሕይወት ተማሪዎች መልካም የጥናት ርዕስ ነው።

እስከዚያው ግን ሁለት ነገሮች ሊዘነጉ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳስታወቀው ለጤና ምንም ጉዳት የለውም ተብሎ የሚወሰን የአልኮል መጠን የለም፤ ኤታኖል፣ ምርጥ በተባለው ቡርቦን ውስጥም ቢሆን፣ ካንሰር አምጪ ነው። በአገራችንም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ የተከለከለ ነው። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በዚህ ዕድሜ ውስጥ የሚገኙ በመሆናቸው በመለኪያው ውስጥ ካለው ይልቅ ስለ መለኪያው ይዘት ያለው ዕውቀት ይጠቅማቸዋል እንላለን። ዕውቀቱ በእጁ ያለ ሰው አንድ ቀን የሚወደውን ሰው ከመለኪያው ፊት በጊዜ ሊያስቆም ይችላልና።